ባለቤት ያጣው መርዶ

«እማዬ፣ የእድሩን ወረቀት ስፈልግ ይህን አገኘሁ። የአባዬ ጽሑፍ ነው፤ ግን ምንም ሴንስ አያደርግም።»

ሮሐ ወረቀቱን በእናቷ ጉልበት ላይ አኖረችው። ወይዘሮ የሺሃረግ ፍራሹ ላይ እንደ ተቀመጡ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ባለቤታቸው አቶ ባዘዘው ከተቀበሩ አንድ ሌሊት ብቻ አልፏል። በልጅነታቸው ቁም ጽሕፈት የተማሩ ሰው ስለ ነበሩ፣ የገበያ ማስታወሻ ሲጽፉ እንኳ ፊደላቸው እንደ ብራና ፊደል ቀጥ ያለ ነበር።

በወረቀቱ ራስ ላይ «ሐሙስ ጠዋት» ይላል። ከሥሩ ዐሥራ አንድ ስሞች ተደርድረዋል፤ በየስሙ አንጻር የሥራ ሺፍቱና የዕረፍት ቀኑ ተጽፏል። በመጨረሻ ላይ «ሰው ሳይሟላ አይነገር» የሚል ቃል ሰፍሯል።

«መርዶ ነው» አሉ ወይዘሮ የሺሃረግ ቀስ ብለው።

«የማን?»

«እሱን አልጻፈም።»

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። በላስ ቬጋስ ሲልቬራዶ ራንች በሚባለው ሰፈር ያለው ቤታቸው ጋራዥ መኪናው ወጥቶለት የእድሩ ወንበሮች ተደርድረውበታል፤ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ የካዚኖ መታወቂያውን ከአንገቱ ሳያወልቅ እየገባ፣ ንፍሮ ቀምሶ፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ወደ ሺፍቱ ይመለሳል። የወረቀቱ ወሬ ከሳሎን ወደዚያ ጋራዥ ለመድረስ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ምክንያቱም በዚህ ከተማ ለሠላሳ ዓመት ያህል የሐበሻ መርዶ ነጋሪ አቶ ባዘዘው ነበሩ። በአገር ቤት ሰው ሲሞት ዘመድ ለባለቤቱ አይደውልም፤ ለባዘዘው ይደውላል። እሳቸውም ወሬውን በሆዳቸው ይዘው የባለቤቱን የዕረፍት ቀን ያጣራሉ፣ ሰው ይሰበስባሉ፣ በማለዳም በሩን ያንኳኳሉ።

ስለዚህ እያንዳንዱ ለቀስተኛ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ሆነ። «ስሜ አለበት?»

ስሙ በዝርዝሩ ያለ ሰው ነጋሪ ነው፤ ይተነፍሳል። ስሙ የሌለበት ግን ስልኩን አውጥቶ አገር ቤት መደወል ይጀምራል።

«እኔ አለሁበት፤ አልሐምዱሊላህ» አለ አወል፣ የሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ አውቶቡስ የሚነዳው የአቶ ባዘዘው የረጅም ዘመን ወዳጅ። «ባለፈው ሳምንት ነው የነገረኝ። ሐሙስ ጠዋት እንዳትሠራ አለኝ። ኦቨርታይም ይዣለሁ ብለው፣ ለኦቨርታይሙ ሌላ ሰው አያጡም አለ። የማን መርዶ ነው ስለው ደግሞ፣ ‹አንተ ሰው ሁንልኝ እንጂ መርማሪ አትሁንብኝ› አለኝ።»

የወይዘሮ የሺሃረግ ስም በዝርዝሩ አንደኛ ነበረ። ስለዚህ መርዶው የእሳቸው አይደለም። የመሪጌታ ተክለማርያም ስም ግን ከዐሥራ አንዱ መካከል የለም።

መሪጌታ ከአቶ ባዘዘው ጋር ከሱዳን የስደት ዘመን ጀምረው ያልተለያዩ፣ በቤተ ክርስቲያንም በአንድ መቋሚያ እስከ መደገፍ የደረሱ ወዳጅ ናቸው። ለሌላው ሁሉ ሰው የሰበሰበ ባዘዘው እሳቸውን የሚተውበት ምክንያት አንድ ብቻ ይመስላል፤ መርዶው የራሳቸው ቢሆን ነው። ደብረ ታቦር የሚኖሩት የሰማንያ አራት ዓመት የመሪጌታ ታላቅ ወንድም ሁለት እሑድ ሙሉ ስልክ አላነሱም። ይህን የማያውቅ በጋራዡ ውስጥ አልነበረም። አንዱ ደህናውን ወንበር ለቀቀላቸው፤ አንዲት ሴት ውኃ አመጣች፤ ሌላዋ ንፍሮ ጨመረችላቸው።

«መሪጌታ፣ ትንሽ ይቅመሱ እንጂ።»

«ሦስተኛ ሳህኔ ነው» አሉ መሪጌታ። «ለመሆኑ ዛሬ ሁላችሁም እኔን የምታስታምሙት ምን አግኝቶኝ ነው?»

ይህን ብለው ሳህኑን አስቀምጠው ወደ ሳሎን ገቡና በፍራሹ አጠገብ ተቀመጡ።

«የሺሃረግ፣ ባልሽን የቀበርሽ ሴት ነሽ፤ ላስጨንቅሽ አይገባም ነበር። ወንድሜ ከሆነ ግን ንገሪኝ።»

«አላውቅም፣ መሪጌታ።»

«ባዘዘው ከአንቺ የሚሰውረው ነገር ነበረው?»

«መርዶ ሲሆን ከራሱም ይሰውራል።»

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የተሸከመውን ሳያወርድ ሄደ ማለት ነው። ባለቤቱ ሳያውቅ ይስቃል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ለተሸካሚውም ለባለቤቱም ደግ አይደለም።»

«አወርድለታለሁ» አሉ ወይዘሮ የሺሃረግ። «የማን እንደ ሆነ ልወቅ እንጂ።»

ያን ጊዜ የገዛ እናታቸው መርዶ ትዝ አላቸው። ወሬው ከአገር ቤት የደረሰው ማክሰኞ ሲሆን፣ እሳቸው የሆቴል ክፍል እያጸዱ በሳምንት ስድስት ቀን ይሠሩ ነበር። ባዘዘው ዘጠኝ ቀን ዝም አሉ። በዘጠኙ ቀን ውስጥ አብረዋቸው ገበያ ሄደው ሐብሐብ በጥፊ እየመቱ መርጠዋል፤ የአለቃቸውን አነጋገር እያስመሰሉ አሥቀዋቸዋል፤ አንድ ማታም እናታቸው በሕይወት እንዳሉ አድርገው የሚላክላቸውን ጫማ ልክ ጠይቀዋል። በዐሥረኛው ቀን ማለዳ ወይዘሮ የሺሃረግ በሩን ሲከፍቱ የመኪና ማቆሚያው በነጭ ነጠላ ተሞልቶ አገኙት። ለአንድ ወር ያህል ባላቸውን በቀጥታ አላዩአቸውም። የጫማውን ልክ የጠየቁበት አንደበት ምን ዓይነት አንደበት እንደ ሆነ ግን እስከ ዛሬ ሊገባቸው አልቻለም ነበር።

ወረቀቱን እንደ ገና አነሡት። ስሞቹን መጀመሪያ የተረዱት በዝምድናና በሰፈር ነበር፤ አሁን ግን ሰዎቹን አንድ በአንድ በሐሳባቸው አቆሟቸው። አወል ድሮ ባዘዘው ይሠሩበት የነበረውን ካዚኖ ሠራተኞች ያመላልስ ነበር። ናጃት በዚያው ካዚኖ አልጋ ታነጥፍ ነበር። ኃይሉ ወጥ ቤት ነበረ። የቀሩትም እንዲሁ። ዐሥራ አንዱም፣ እሳቸው ራሳቸው ሳይቀሩ፣ ባዘዘው በዩኒፎርም ክፍል ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ባገለገሉበት በዚያ አንድ ካዚኖ የሠሩ ናቸው።

«መሪጌታ፣ እርስዎ ካዚኖ ሠርተው ያውቃሉ?»

«እኔ? እግዚአብሔር ይጠብቀኝ። ከኤርፖርት መኪና ማቆሚያ ሌላ የት ሠርቼ?»

«እንግዲያስ ወንድምዎ አይደሉም። እርስዎን የተወዎት ባለመርዶውን ስለማያውቁት ነው።»

መሪጌታ ረጅም ትንፋሽ አወጡ፤ ወዲያውም በእፎይታቸው አፍረው አማተቡ። «የእኔ አለመሆኑ ሌላውን አያድነውም። ታዲያ የማን ነው?»

«ሐበሻ አይመስለኝም። ሐበሻ ቢሆን ዘመዱን ይሰበስብለት ነበር፤ ባልደረባ በየሺፍቱ ሲለቅም ባልከረመ።»

ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ከጋራዡ በኩል የእንግሊዝኛ ድምፅ ተሰማ። ዶሪን ነበረች። ሰባ አምስት ዓመቷን የጨረሰች ረጅም፣ አጥንተ ሰፊ ሴት ናት። በአውስትራሊያ ደሴት በታስማኒያ ተወልዳ፣ በወጣትነቷ የመድረክ ልብስ ለመስፋት ወደ ላስ ቬጋስ መጥታ፣ በኋላም በዚያው ዩኒፎርም ክፍል ከአቶ ባዘዘው ጋር ጎን ለጎን መርፌ ይዛ ያረጀች ናት። ትኩስ የሥጋ ኬክ ተሸክማ መጥታለች።

«ረቡዕ መሆኑን አታውቅም» አለች ሮሐ በሹክሹክታ።

«ጌታዬ ለእኔ ነው የላካት» አለ አወል፤ ትሪውንም ተቀበለ።

ዶሪን ጫማዋን አውልቃ ገባችና የወይዘሮ የሺሃረግን እጅ ያዘች። «ዛሬ ይህን መጠየቅ ነውር መሆኑን አውቃለሁ» አለች፤ ባዘዘውን ድሮም ባዝ ነበር የምትላቸው። «ባዝ ሐሙስ ጠዋት እዚህ ቤት እንድመጣ ነግሮኝ ነበር። ስለ ኤልን የሚነግረኝ ነገር ነበረው። ዓርብ ወደ እንግሊዝ እበራለሁ፤ ስለዚህ ማስታወሻ ትቶ እንደ ሆነ ብዬ ነው።»

ወይዘሮ የሺሃረግ ወረቀቱን በነጠላቸው ሥር ሸሸጉትና ጋራዡ ውስጥ ጥቂት እንድትጠብቅ ነገሯት።

ነገሩ የጀመረው ከስምንት ዓመት በፊት ነው። አንድ ቀን አቶ ባዘዘው ቁልፍ እየተከሉ ሳለ ሰባት ቤት አያቶቻቸውን ቆጠሩ። ዶሪን ከአያቷ አልፋ መቁጠር አልቻለችም፤ አንድ ነገር ግን ታውቃለች። «ከላይ ያሉት ሌቦች ናቸው» አለች፤ ፊቷም በደስታ በራ። «በግ ሰርቀው በሰንሰለት ነው ከእንግሊዝ የተላኩት።»

አቶ ባዘዘው መርፌውን አቆሙ። ማታ ለሚስታቸው ሲነግሩ ገና መገረማቸው አልለቀቃቸውም ነበር። «በእኛ አገር በዘር ሐረግ ሌባ ከተገኘ ሐረጉ እዚያ ላይ ይቆረጣል፤ ቆጣሪው ያስላል፣ ውኃ ይጠይቃል፣ ወደ ሌላው ይዘልላል። ይህች ሴት ሌባዋን እንደ ደጃዝማች ትጠራለች።»

ግን ነገሩ ያዛቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ በየሳምንቱ ሐሙስ ከዶሪን ጋር የቤተሰብ ታሪክ መዛግብት ወዳለበት ቤተ መጻሕፍት መሄድ ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ ታንስሊ የሚባል አባት ሲፈልጉ ሦስት ሳምንት ከረሙ፤ ታንስሊ የአባት ስም ሳይሆን የቤተሰቡ ሁሉ ስም መሆኑን ዶሪን ለማስረዳት ብዙ ደከመች። የጥንቱን የእንግሊዝኛ እጅ ጽሑፍ ግን እሷ ማንበብ ሲያቅታት ብራና ያነበበው የእሳቸው ዓይን ያነብበው ነበር። እንዲህ እያሉ ሮበርት ታንስሊን አገኙት፤ አንድ በግ ሰርቆ ዐሥራ አራት ዓመት ተፈረደበት። ሚስቱ ሃና የተሰረቀውን ሥጋ በቤቷ በመደበቋ ሰባት ዓመት ተፈርዶባት በሌላ መርከብ ተከተለችው። ቅጣታቸውን ጨርሰው ታስማኒያ ውስጥ ተገናኙ፤ በዚያም የዶሪንን ቅድመ አያት ዊልያምን ወለዱ።

ሃና ለዊልያም ዘወትር የምትነግረው አንድ ነገር ነበር። ኤልን የምትባል እኅት አለችህ፤ እንግሊዝ አገር ከአያትህ ጋር ቀርታለች። ይህ ቃል ከዊልያም ወደ ልጁ፣ ከልጁም እስከ ዶሪን ደረሰ። ዶሪን አላገባችም፤ ወንድሟም ሞቷል። ኤልን ቀርታ ከሆነ አግብታ ይሆናል፣ ወልዳ ይሆናል፤ ስለዚህ ከዚያች ሕፃን የተነሡ ዘመዶች ዛሬ በአንዱ የእንግሊዝ መንደር አሉ። ዶሪን ትኬት የቆረጠችው እነሱን ፍለጋ ነው።

ሮሐ አባቷ ስለ ታንስሊ ቤተሰብ ያሰባሰቡትን ማኅደር በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። የመጨረሻው ቅጠል የመርከብ ሐኪም የጻፈው የቀን ውሎ ቅጂ ነበር፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1833 ዓ.ም.፣ የሴት እስረኞች መርከብ። አቶ ባዘዘው በአንዱ መስመር ግርጌ በቀይ ቀለም ነጥብ አድርገዋል። ሮሐ በለሆሳስ አነበበች፤ ከዚያም አቆመች።

«ኤልን እንግሊዝ አልቀረችም፣ እማዬ። መርከቡ ላይ ነበረች። ባሕር ላይ ሞታለች። ዐሥራ አራት ወሯ ነበር።»

ወይዘሮ የሺሃረግ የወጥ ቤቱን ወንበር ሳቡ። ከሁለት ወር በፊት በአንድ ሐሙስ ባዘዘው ከቤተ መጻሕፍት ተመልሰው ለረጅም ጊዜ ከመኪናው ሳይወርዱ እንደ ቆዩ ትዝ አላቸው። ራስ ምታት ነው ብለዋቸው ነበር።

«ለምን ወዲያው አልነገራትም?» አለች ሮሐ። «ይኸው ውጪ ተቀምጣለች። ሂጂና ንገሪያት። ወይም ቅጂውን ኢሜይል ላድርግላት፤ ራሷ ታነብበዋለች።»

ወይዘሮ የሺሃረግ ሊነግሯት ብለው ወጡ። በጋራዡ ውስጥ የነበሩት አወልና ስልካቸውን የሚነካኩ ሁለት ወንዶች ብቻ ናቸው። ዶሪን በመካከላቸው ጉልበቶቿን ገጥማ ተቀምጣ፣ የአየር ማረፊያ መንገድ ዓርብ ጠዋት ይጨናነቅ እንደ ሆነ አወልን ትጠይቃለች። ወይዘሮ የሺሃረግን ስታይ ቀና አለች።

«አገኛችሁት?»

«ገና እየፈለግን ነው» አሉ ወይዘሮ የሺሃረግ፤ ድምፃቸው እንዴት እንዲህ እንደ ቀለለ ለራሳቸው ገረማቸው። «ነገ ጠዋት ነይ። እንግሊዝ ግን አሁን ብርድ ነው ይባላል፤ ካፖርት ይዘሻል?»

«ይዣለሁ። የሱፍ ነው።»

ወደ ሳሎን ተመለሱ። የጫማውን ልክ የጠየቀው አንደበት አሁን በአፋቸው ውስጥ ነበረ።

ዶሪን ከሄደች በኋላ አወል ነገሩን ሰማ። ከዚያ፣ «እትዬ የሺ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ይህች ሕፃን የሞተችው እኮ አፄ ቴዎድሮስ ሳይነግሡ ነው። ለዚህ ነው ሐሙሴን የያዘው?» አለ።

የሣቁ ነበሩ። መሪጌታ ተክለማርያም ግን አልሣቁም።

«ሐዘን የሚቆጠረው ከሞቱበት ቀን አይደለም፤ ከሰሙበት ቀን ነው» አሉ። «አንተ የአባትህን ሞት በዓመቱ ሰምተህ አልነበረም? ያን ዕለት ዓመት ስለ ሆነው ሳታለቅስ ቀረህ?»

አወል አንገቱን አቀረቀረ። «አይ፤ አልቀረሁም።»

«ይህች ሴት ደግሞ የምትሰማው የአንዲት ሕፃን መርዶ ብቻ አይደለም። በአሳቧ ከዚያች ሕፃን ያስወለደቻቸው ሁሉ፣ የልጅ ልጆቹ፣ በመንደሩ ተቀምጠው የሚጠብቋት ዘመዶች ሁሉ፣ በአንድ ቃል ያልቁባታል። ባዘዘው ይህን ቆጥሮታል። ብቻዋን በስልክ እንድታነብበው ልንሰጣት ነው?»

ሮሐ ስልኳን አስቀመጠች። «ለናጃት እኔ እደውላለሁ» አለች። «ሺፍት ካላት እንድትቀይር።»

ሐሙስ የሰልስቱ ጸሎት በቤተ ክርስቲያን ተደረሰ። ካህኑ ሟቹን በክርስትና ስማቸው ጠርተው ፍትሐቱን ፈጸሙ፤ ሕዝቡም ወደ ቤት ተመለሰ። በጋራዡና በሳሎኑ መቀመጫ ጠፋ። ዐሥራ አንዱ ቀርቶ ሠላሳ የሚያህል ሰው ነበረ። ዶሪን ስትመጣ ይህ ሁሉ የሰልስት እንግዳ መስሏት በር ላይ ልትቆም ፈለገች፤ ናጃት ግን ክንዷን ይዛ አስገባቻትና ፍራሹ ላይ በወይዘሮ የሺሃረግ አጠገብ አስቀመጠቻት።

«ዶሪን» አሉ ወይዘሮ የሺሃረግ በእንግሊዝኛ። «ባዘዘው ሊነግርሽ የነበረውን እነግርሻለሁ። ኤልን ሞታለች።»

ዶሪን ፈገግ አለች። «የሺ፣ የእኔ ውድ፣ እሱንስ ዐውቃለሁ። ሁለት መቶ ዓመት ሊሆን ነው እኮ።»

«አይደለም። ሕፃን ሳለች ነው የሞተችው። አያቷ ዘንድ አልቀረችም። እናቷ መርከብ ላይ አቅፋት ነበር።»

ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ የሚሄድበት ያጣ ይመስል ጥቂት ቆየ። ከዚያ ዶሪን እጇን በእጇ ላይ ደረበች።

«በስንት ዓመቷ?»

«ዐሥራ አራት ወር።»

«በምን?»

ሮሐ ቅጂውን ይዛ ቀረበችና አነበበች። ሐኪሙ እንዲህ ጽፏል፦ የእስረኛዪቱ የሃና ታንስሊ ልጅ በተቅማጥ በሽታ ዛሬ ንጋት ላይ ዐረፈች። እናቲቱ እስከ ማግሥቱ ድረስ ሕፃኗን ለማንም አሳልፋ አልሰጠችም። ከእስረኞቹ መካከል የሚያውቃት ሰው አልነበረም።

«ታዲያ ለዊልያም ለምን ዋሸችው?» አለች ዶሪን። «ዕድሜ ልኩን እኅቴን ሲል ኖረ። አባቴም ለእኔ እንዲሁ ነገረኝ። ለምን?»

መሪጌታ ለመናገር ከንፈራቸውን ከፈቱ፤ ነገር ግን የመለሱት ወይዘሮ የሺሃረግ ነበሩ።

«መዋሸት አልነበረም» አሉ። «የት ሆና ታልቅስ? ሰንሰለት ባለበት፣ አንድ ሰው ስሟን በማያውቅበት። ለልጇ ብትነግረው፣ እሱ ሲያለቅስ የሚያባብልላት ማን ነበረ? ሰው እስክታገኝ አቆየችው። ሰው ሳታገኝ ሞተች። ከዚያ በኋላ እየተቀባበላችሁ እናንተ ተሸከማችሁት።»

ዶሪን የዚያን ጊዜ ዙሪያዋን አየች። አወልን አየች፤ ኃይሉን፣ ናጃትን፣ ቁልፋቸውን የተከለችላቸውን፣ ሱሪያቸውን ያሳጠረችላቸውን ሰዎች ሁሉ አንድ በአንድ አየች። ለምን እንደ ተሰበሰቡ ገባት።

«እነዚህን የጠራው ባዝ ነው?»

«ስማቸውን ጽፎ፣ ሺፍታቸውን ጠይቆ።»

ዶሪን አፏን በእጇ ሸፈነች። ልቅሶዋ ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻዋ ብቻ ነበር የሚነቃነቀው። ሁለት ልጆቿን አገር ቤት፣ እስር ቤት ሳለች የወለደችው ናጃት ግን ስለ ሃና ሰምታ ዝም ማለት አልቻለችም። ደረቷን ይዛ በዜማ አነሣችው፤ ያችን የባሕር ላይ ሕፃን በስሟ ጠራቻት፣ ጡት ያልጠገብሽ አለቻት፣ መቃብር ያልተማሰልሽ አለቻት። ሌሎቹም ሴቶች ተቀበሏት። መሪጌታ ተክለማርያም ዓይናቸውን ጨፍነው በከንፈራቸው ብቻ ጸለዩ፤ አወል ወደ ግድግዳው ዞረ።

ልቅሶው ሲበርድ ወይዘሮ የሺሃረግ ከፍራሹ ተነሡ። ሮሐ ልትረዳቸው እጇን ብትዘረጋም አልያዙትም። ከወጥ ቤት በማሰሮ ለብ ያለ ውኃና ሳፋ ይዘው ተመልሰው በዶሪን ፊት ተንበረከኩ። ዶሪን ምን እንደሚደረግ ባታውቅም መዳፎቿን ዘረጋች። ውኃውን አፈሰሱላት፤ ፊቷን ታጠበች፤ ደግመው አፈሰሱላት።

ከዚያ ዶሪን ማሰሮውን ከእጃቸው ወሰደች። ሥርዐቱን ማንም አልነገራትም። ማሰሮውን አዘነበለችና ጠበቀች።

ወይዘሮ የሺሃረግ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እንግዳ ሲቀበሉ፣ ስም ሲቆጥሩ፣ የሌላ ሰው ሐዘን ሲፈልጉ ነበር የከረሙት። ሁለቱን እጆቻቸውን ገጥመው ዘረጉ። ውኃው መዳፋቸውን ሞላ፤ ወደ ፊታቸው ግን አላነሡትም። በጣቶቻቸው መካከል ቀስ እያለ ወደ ሳፋው ፈሶ እስኪያልቅ ድረስ አዩት።

ዶሪን እንደ ገና አፈሰሰችላቸው።